የተፈረደበት ሃከር ከእስር በኋላ በሙያው ይደር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ኮምፒውተር ሰብሮ የታሰረ ሰው ቅጣቱን ጨርሶ ሲወጣ በዚያው እውቀቱ ገንዘብ ማግኘት ይገባዋል ወይ? ቀጣሪም፣ ተበዳይም፣ ፍርደኛውም ስለዚሁ ጉዳይ ጽፈውልናል። የተወሰኑትን መርጠን መልሰናል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰውየው የኩባንያዎችን ኔትወርክ ሰብሮ ገብቶ ይታሰራል፤ ሲወጣ መድረክ ላይ ቆሞ «እንዴት እንደሰበርኩ ልንገራችሁ» እያለ በክፍያ ንግግር ያደርጋል። የተበደሉት ኪሳራቸውን ታቅፈው ቀርተዋል። ይህ ለወንጀል ደመወዝ መክፈል አይደለም?

መልስ፦ ክርክሩ መቋጫ የሚያጣው ሦስት ዓይነት ገንዘብ ስለሚደባለቅ ነው። አንደኛው የታሪክ ገንዘብ ነው፤ የመጽሐፍ፣ የፊልም፣ የመድረክ ክፍያ። ሁለተኛው ከዝርፊያው የተረፈው ነው፤ የተደበቀ ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ)፣ ያልተመለሰ መረጃ፣ ሰርቨር ላይ ተደብቆ የቀረ መግቢያ። ሦስተኛው የሥራ ዋጋ ነው፤ ዛሬ ባለቤቱ ፈቅዶ ባስፈተሸው ሲስተም ላይ የዛሬ ላብ የሚያስገኘው። ሁለተኛውን ማንም አይከራከርበትም፤ ያ ወንጀሉ ራሱ ነው፣ ገና አላለቀም። የጠየቁት በአንደኛው ላይ ነው፤ ሰዎች ግን በእሱ ተናደው ሦስተኛውንም አብረው ይከለክላሉ።

ስለ ታሪክ ገንዘብ ሕጉ ከሚገመተው በላይ ስስ ነው። የኒው ዮርክ ግዛት ወንጀለኛ ታሪኩን ሸጦ ያገኘውን ገንዘብ ለተበዳዮች የሚያቆይ ሕግ በ1977 አወጣ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1991 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን ይጥሳል ብሎ ሻረው። በፌዴራል ደረጃ ያለው ተመሳሳይ ሕግ የሚሠራው በስለላ ወንጀልና በሰው አካል ላይ ጉዳት ባደረሰ ወንጀል ላይ ብቻ ነው። ኮምፒውተር ሰብሮ መረጃ የወሰደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም ውጭ ነው። በእንግሊዝና ዌልስ ደግሞ በ2009 የወጣ ሕግ አለ፤ ፍርድ ቤት ከከባድ ወንጀል ታሪክ የተገኘ ገቢ እንዲመለስ ማዘዝ ይችላል።

ስለዚህ እገዳው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአጠቃላይ ሕግ ሳይሆን ከራሱ ከፍርዱ ነው። ታዋቂው አሜሪካዊ ሃከር ኬቪን ሚትኒክ በ1995 ተይዞ በጥር 2000 ሲፈታ ለሦስት ዓመት ኮምፒውተር እንዳይነካ፣ ስለ ወንጀሉ በሚጻፍ መጽሐፍ ወይም በሚሠራ ፊልም ለሰባት ዓመት እንዳያተርፍ ተወስኖበት ነበር። እንዲከፍል የታዘዘው ካሳ 4,125 ዶላር ብቻ ነው። ተጎዳን ያሉት ኩባንያዎች በሚሊዮኖች የሚቆጠር ኪሳራ አቅርበው ነበር፤ ዳኛዋ ግን ሰውየው ከእስር ወጥቶ ምን ያህል ሊያገኝ ይችላል የሚለውን አስበው ነው የቆረጡት። እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስቡ። የሚያውቀውን ሥራ የተከለከለ ሰው ገቢው ትንሽ ይሆናል፤ ገቢው ትንሽ ሲሆን ለተበዳዩ የሚደርሰውም ትንሽ ነው። ሙያውን መከልከል ተበዳዩን ይክሳል ብሎ የሚያምን ሰው ሒሳቡን ቢያየው ይሻላል።

የእኛ አቋም ይህ ነው፦ የታሪክ ገንዘብ ካሳው ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ ቀድሞ ለተበዳይ ይሂድ። የሥራ ዋጋ ግን ለሠራው ይከፈል፤ እንደማንኛውም ደመወዝ ከላዩ ካሳው ይቆረጥ።

ጥያቄ፦ የአንድ ድርጅት የኮምፒውተር ደህንነት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ለፔንቴስት (በባለቤቱ ፈቃድ ሲስተም ሰብሮ ክፍተት የመፈለግ) ሥራ ካመለከቱት መካከል በችሎታ የሚበልጠው ቀድሞ ተፈርዶበት የነበረ ነው። አለቆቼ «ጅብን ሥጋ ጠብቅ ማለት ነው» ይላሉ። እኔ ልቀጥረው እፈልጋለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አለቆችዎ ሞኝነት አልተናገሩም። አልበርት ጎንዛሌዝ የተባለው አሜሪካዊ ሃከር በ2003 ከተያዘ በኋላ የአሜሪካ ሴክሬት ሰርቪስ መረጃ አቀባይ አድርጎ እየከፈለው ያሠራው ነበር፤ እሱ በጎን የመደብሮችንና የክፍያ አሻጋሪ ኩባንያዎችን የካርድ ቁጥሮች በሚሊዮኖች ይሰርቅ ነበር። በ2010 የሃያ ዓመት እስር ተፈረደበት። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግን «ፍርደኛ አይቀጠር» አይደለም። ሰውየው በጎን የሚሠራውን በጊዜው ያየበት አልነበረም።

መጀመሪያ ፍርዱን ራሱን ያንብቡ፤ የዜና ዘገባ አይበቃም። አመልካቹን የክሱንና የውሳኔውን ግልባጭ ይጠይቁት። ሲያነቡ ዕድሜውንና ጊዜውን ብቻ አይመልከቱ። የገባው ከውጭ ነው ወይስ በተሰጠው ሥልጣን ተጠቅሞ? በእኛ ግምት የቀድሞ አሠሪውን ዳታቤዝ የዘረፈ ሰው ከውጭ ሰብሮ ከገባ ወጣት የበለጠ ያሳስባል፤ ምክንያቱም እርስዎ ሊሰጡት ያሰቡት ያንኑ እምነት ነው። መረጃውን ሸጦታል? ዱካውን ለማጥፋት ሎግ (ኮምፒውተሩ የሚያቆየውን የድርጊት መዝገብ) ደምስሷል? ካሳውን እየከፈለ ነው? ለመጨረሻው ደረሰኝ ይጠይቁ፤ በየወሩ የሚቆረጥ ትንሽ ገንዘብ ከመቶ የምስክር ወረቀት ይልቅ ስለ ሰውየው ይናገራል። የአሜሪካ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን በ2012 ባወጣው መመሪያ ቀጣሪዎች የወንጀሉን ዓይነትና ክብደት፣ ያለፈውን ጊዜና የሚያመለክትበትን ሥራ አብረው እንዲመዝኑ ይላል። አገርዎ ሌላ ሕግ ቢኖረውም ሦስቱ ነጥቦች ይጠቅማሉ።

በቃለ መጠይቁ ላይ የችሎታ ጥያቄ አያብዙ፤ ችሎታውን ፍርድ ቤት መስክሮለታል። ይልቁንስ እንዲህ ይበሉት፦ «ከደንበኛው ሰርቨር ላይ ያገኘኸው የይለፍ ቃል በውላችን ያልተጠቀሰ ሌላ ኩባንያ ሲስተም ይከፍታል። ምን ታደርጋለህ?» ትክክለኛው መልስ አጭር ነው፦ አልሞክረውም፣ እመዘግበዋለሁ፣ እደውላለሁ። «መሥራቱን ለማረጋገጥ አንዴ ገብቼ እወጣለሁ» ካለ፣ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ለዚህ ሥራ አልደረሰም።

ከተቀጠረ በኋላ የሚሠራው በድርጅቱ ላፕቶፕ፣ በአንድ ቋሚ አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር) በሚወጣ ቪፒኤን (የተመሰጠረ የግንኙነት መስመር) ብቻ ይሁን። ያኔ ደንበኛው ሎጉ ላይ ጥቃት ሲያይ የእናንተ መሆኑንና አለመሆኑን በደቂቃ ይለያል። ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ አካውንት ይከፈት፤ ሥራው ባለቀበት ቀን ይዘጋ። የመጀመሪያዎቹን ወራት የሙከራ ቅጂዎች ላይ ይሥራ፤ ትክክለኛው ሲስተም ላይ ሲገባ ሁለት ሆነው ይግቡ፣ የሚጽፈው ትእዛዝ ሁሉ ይቀዳ። ቀረጻው የሚቀመጥበትን ሰርቨር እሱ መክፈት መቻል የለበትም። ሰብሮ የሚገባውና ሎግ ማጥፋት የሚችለው አንድ ሰው ከሆኑ ማንም ቢሆን ይፈተናል፤ የወንጀል ሪከርድ የሌለውም ጭምር። በእርግጥ ይህ ሁሉ ለሁሉም ሠራተኛ ሊሠራ የሚገባው ነው። «ለእሱ ብቻ እናድርገው» የሚባል ከሆነ ቀድሞውንም ክፍተት ነበር ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው በፈቃድ ወረቀቱ ላይ ነው። የጽሑፍ ፈቃዱ የአይፒ ቁጥሮቹን፣ የዶሜይን ስሞቹን፣ ቀንና ሰዓቱን፣ የተከለከሉ ድርጊቶችን (ለምሳሌ አገልግሎት ማቋረጥን)፣ ሌሊትም የሚነሳ ስልክ ቁጥርንና የመፈረም ሥልጣን ያለው ሰው ፊርማን መያዝ አለበት። ደንበኛ የሚሰጠው የአይፒ ዝርዝር ውስጥ የቆየ ወይም በስህተት የተጻፈ ቁጥር መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ያ ቁጥር ዛሬ የሌላ ድርጅት ሊሆን ይችላል። ሥራው ሳይጀመር የእያንዳንዱን ባለቤት በሁኢዝ (የአይፒና የዶሜይን ባለቤቶች በሚፈለጉበት የኢንተርኔት መዝገብ) ያጣሩ። ሲስተሙ ሌላ ኩባንያ ሰርቨር ላይ ካለ የዚያንም ኩባንያ ደንብ ያንብቡ። ሪከርድ ለሌለው ሠራተኛ እንዲህ ያለው ስህተት ይቅርታ የሚጠየቅበት ነው፤ በአመክሮ ላለ ሰው ግን ወደ እስር መመለሻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱን የማጣራት ኃላፊነት በእሱ ላይ ሳይሆን በእርስዎ ላይ ይውደቅ።

ለደንበኞች አይደብቁ። ጀርመናዊው ወጣት ስቬን ያሻን ሳሰር የተባለውን ዎርም (ራሱን እያባዛ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚሻገር ፕሮግራም) በመልቀቅ ክስ እየጠበቀ ሳለ በ2004 አንድ የጀርመን የደህንነት ኩባንያ ሲቀጥረው አብሮ ይሠራ የነበረ የጸረ ቫይረስ ድርጅት ግንኙነቱን አቋርጧል። ባንኮች ላይ የበለጠ ይጠንቀቁ፤ በአሜሪካ ለምሳሌ እምነት በማጉደል ወንጀል የተፈረደበት ሰው ተቀማጩ ዋስትና ባለው ባንክ ሥራ ለመሳተፍ ከተቆጣጣሪው ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። በታኅሣሥ 2022 የወጣው ሕግ ብዙዎቹን ከዚህ ነጻ አድርጓል፤ ወንጀሉ ከተፈጸመ ሰባት ዓመት ወይም ከእስር ከተወጣ አምስት ዓመት ካለፈ ፈቃዱ ላያስፈልግ ይችላል። የካርድ ክፍያ ደህንነት መስፈርትም የካርድ መረጃ የሚደርሰው ሠራተኛ ከመቀጠሩ በፊት ይጣራ ይላል እንጂ ሪከርድ ያለው አይቀጠር አይልም። በመጨረሻም የኢንሹራንስ ውልዎን ያንብቡ። የሠራተኛ እምነት ማጉደልን የሚሸፍኑ ብዙ ውሎች ቀጣሪው አስቀድሞ የሚያውቀውን እምነት አጉዳይ አይሸፍኑም። ይህን ከአደጋው በኋላ የሚያገኙት ብዙዎች ናቸው፤ መድን ሰጪውን ከቅጥሩ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በቅርቡ ነው የተፈታሁት፤ ገና በክትትል ላይ ነኝ። ከኮምፒውተር ውጭ የማውቀው ሥራ የለም። ባግ ባውንቲ (ድርጅቶች ክፍተታቸውን ላገኘላቸው የሚሰጡት ሽልማት) ላይ ብሠራ እንዴት ነው? ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከኮምፒውተሩ ሳይሆን ከውሳኔው ወረቀት ይጀምሩ። ልዩ ግዴታዎች የተዘረዘሩበትን ገጽ አውጥተው እያንዳንዱን መስመር ከሚሠሩት ሥራ ጋር ያስተያዩ። «ክትትል ያልተደረገበት መሣሪያ አይጠቀምም» ከተባለ፣ በላፕቶፕዎ ላይ የሚከፍቱት ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) የተለየ መሣሪያ ይባላል ወይስ አይባልም? «ማንነት የሚደብቅ ሶፍትዌር የተከለከለ ነው» ከተባለ፣ የቀጣሪዎ ቪፒኤን ምን ይሆናል? ለሥራው የሚጫኑት መሣሪያ ሁሉ ለክትትል ሠራተኛው አጠራጣሪ መስሎ መታየቱ አይቀርም። በቃል «ችግር የለም» መባል አይበቃም። የሥራውን ዓይነት፣ የቀጣሪውን ስም፣ የሚጫኑትን ፕሮግራሞች በአንድ ገጽ ጽፈው ይስጡ፤ መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ግዴታው ሥራውን ጨርሶ የሚከለክል ከሆነ በጠበቃ በኩል ፍርድ ቤቱ እንዲያሻሽለው ይጠየቃል። የሥራ ቅጥር ደብዳቤ ይዞ የሚቀርብ ጥያቄ በባዶ እጅ ከሚቀርበው የበለጠ ይደመጣል።

ለልምምድ የራስዎ ላብራቶሪ ይኑርዎት። 16 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር አንድ የማጥቂያ ማሽንና ሆን ተብለው ክፍተት የተተዉባቸው ሁለት ሦስት ኢላማ ማሽኖችን በቨርቹዋል መልክ ይይዛል። ኔትወርኩን ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ እንዲሆን ያድርጉት። ብዙዎች የሚሳሳቱት ቨርቹዋል ማሽኑን ከቤት ኢንተርኔት ጋር በቀጥታ አገናኝተው ስካነር (ክፍተት ፈላጊ ፕሮግራም) ሲያስነሱ ነው፤ አንድ የተሳሳተ የአይፒ ክልል ሲጻፍ ፍተሻው ወደ ጎረቤት ወይም ወደ ውጭ ይወጣል። ለሌላው ሰው ቀላል ነው፤ ለእርስዎ ግን መግለጫ የሚያስፈልገው ሎግ ነው።

ባግ ባውንቲ ላይ መሥራት ይቻላል፤ ግን የመጀመሪያ ሥራዎ እንዲሆን አንመክርም። ገቢው ወጣ ገባ ነው፣ ወሰኑን የሚያብራራልዎት አለቃም የለም። ከገቡበት ግን በፕሮግራሙ ወሰን ያልተጻፈ ዶሜይን አይነኩም፤ የሚሞክሩት እርስዎ በከፈቷቸው ሁለት አካውንቶች መካከል ነው፤ የሌላ ሰው መረጃ ከታየ አንድ መስመር ለማስረጃ በቂ ነው፣ እዚያው ይቆማሉ። የዳታቤዝ ክፍተት አግኝተው «ክብደቱን ለማሳየት» ሙሉውን ሠንጠረዥ ያወረዱ ሰዎች ሽልማታቸውን ብቻ ሳይሆን የሕግ ከለላቸውንም አጥተዋል። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በግንቦት 2022 በቅን ልቦና የሚደረግ የደህንነት ምርምርን እንደማይከስ ያወጣው መመሪያ የአቃቤ ሕግ ውሳኔን የሚመራ ነው፤ የክትትል ግዴታን አያነሳም፤ ይህን ማንም ፍርደኛ እንዳይረሳው። ክፍያው ሲመጣም ግብሩንና የካሳውን ድርሻ ያሳውቁ፤ ያልተመዘገበ ክሪፕቶ በክትትል ላይ ያለን ሰው ከመጀመሪያው ወንጀሉ በላይ ሊያስጠይቀው ይችላል።

ስለ ምስክር ወረቀት፦ ኦኤስሲፒ የሚባለው የፔንቴስት ፈተና 23 ሰዓት ከ45 ደቂቃ በካሜራና በስክሪን ክትትል ይሰጣል፤ ከዚያ ሪፖርት ለመጻፍ 24 ሰዓት አለ። ለእርስዎ ሁኔታ የሚስማማው የተግባር ችሎታን ስለሚመዝን ነው። ሲአይኤስኤስፒ የሚባለው የመረጃ ደህንነት ምስክር ወረቀት ግን የአምስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ማመልከቻው ላይ ስለ ቀድሞ ጥፋትም ይጠይቃል። ውሸት አይጻፉ። ሪከርድ አንዳንዴ ይታለፋል፤ የተደበቀ ሪከርድ ግን የተሰጠን ወረቀት ያስነጥቃል።

ጥያቄ፦ አምስት ዓመት ታስሮ የወጣ ሰው ችሎታው ያረጀ አይደለም? ለምን ይከፈለዋል?

መልስ፦ ግማሹ አርጅቷል። በኪሱ የነበሩት ክፍተቶች ተደፍነዋል፣ ሲስተሞቹ ወደ ክላውድ (በኢንተርኔት ወደሚከራዩ ሰርቨሮች) ሄደዋል፣ በይለፍ ቃል ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ ተጨምሯል። የማያረጀው ሰውን የማሳመን ጥበብ ነው። ሚትኒክ ይበልጥ የሚታወቀው በስልክ ሰው አሳምኖ የይለፍ ቃልና ኮድ በማውጣቱ ነው፤ ከእስር በኋላ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን እንዲያሠለጥንላቸው የጠሩትም በዚያው ምክንያት ነው። ሌላ የሚረሳ ነገር አለ፦ መስበርና መጠበቅ አንድ ሙያ አይደሉም። ሰባሪ አንድ ቀዳዳ ይበቃዋል፤ ጠባቂ ሁሉንም መድፈን አለበት፣ ያውም ድርጅቱን ሥራ ሳያስፈታ። የፔንቴስት ደንበኛ የሚከፍለው ለሪፖርቱ ነው፤ ክፍተቱ ምንድን ነው፣ እንዴት ይደገማል፣ ምን ያህል ያሰጋል፣ በምን ይደፈናል። ወንጀል ሠሪ ይህን ጽፎ አያውቅም። ከእስር የወጣ ሰው መጀመሪያ መማር ያለበት ሪፖርት መጻፍ ነው ብንል አላጋነንም።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ የትምህርት ቤቱን ሲስተም ሰብሮ ተገኘ። ስቆጣው «ታዋቂዎቹ ሁሉ ታስረው ነው ሀብታም የሆኑት» ይለኛል። ምን ልበለው?

መልስ፦ የሚያውቃቸውን ስሞች አንድ በአንድ ያስቆጥሩት። በ1988 የመጀመሪያውን ትልቅ የኢንተርኔት ዎርም የለቀቀው ሮበርት ሞሪስ በኋላ የኤምአይቲ ፕሮፌሰር ሆኗል፤ ነገር ግን ከነጭራሹ አልታሰረም። ሦስት ዓመት አመክሮ፣ 400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና 10,050 ዶላር መቀጮ ነበር የተፈረደበት፤ ከዚያም ቢሆን ወደ ትምህርቱ ነው የተመለሰው። ኬቪን ፖልሰን አምስት ዓመት ግድም ታስሮ ሲወጣ ጋዜጠኛ ሆነ፤ ሰብሮ መግባቱን አልሸጠውም። ማርከስ ሃቺንስ በ2017 ዋናክራይ የተባለውን ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም ጥቃት ያስቆመ ሰው ነው፤ ቢሆንም ቀደም ሲል በጻፈው ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) ተይዞ ሁለት ዓመት ገደማ በፍርድ ቤት ሲጉላላ ቆይቷል።

ከዚያ ስለ ማክስ በትለር ይንገሩት። የታወቀ የደህንነት ባለሙያ ነበር፤ የመንግሥት ሰርቨሮችን ሰብሮ በ2001 የ18 ወር እስር ተፈረደበት። ሲወጣ በሙያው የሚቀጥረው አጣና የተሰረቁ ካርዶች መሸጫ ገበያ ከፈተ። በ2010 የ13 ዓመት እስርና የ27.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተጣለበት። ልጁ ታዋቂዎቹን የሚያውቀው ጥቂቶች ስለሆኑ ነው።

ችሎታው ካለው የሚሠራበት ቦታ ያግኙለት፦ ሕጋዊ የሰበራ ውድድሮች ለዚሁ የተሠሩ ሲስተሞች አሏቸው። እንግሊዝ ውስጥ የብሔራዊ ወንጀል ኤጀንሲው ሳይበር ቾይስስ በሚባል ፕሮግራም ወጣቶችን ከክስ በፊት ወደዚያ ይመራል። ከትምህርት ቤቱ ጋር ደግሞ ልጁ ያገኘውን ቀዳዳ ራሱ ጽፎ እንዲያስረክብ ይነጋገሩ፤ ከዚያ በፊት ግን የሕግ ባለሙያ ያማክሩ፣ የጻፈው ነገር ማስረጃ ሊሆንበት ይችላልና።

ጥያቄ፦ የተበደልኩት እኔ ነኝ። አነስተኛ ድርጅቴን የሰበረው ሰው ተፈትቶ አሁን የደህንነት አማካሪ ነኝ ይላል። ምን መብት አለኝ?

መልስ፦ ሥራውን ማስከልከል ላይችሉ ይችላሉ፤ ከገቢው ግን ድርሻዎን መከታተል ይችላሉ። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ለምሳሌ የካሳ ግዴታ ሰውየው ከታሰረ ከተፈታበት ቀን ጀምሮ ለ20 ዓመት ይጸናል፤ ሰውየው ከስሬአለሁ ብሎ በሕግ ማወጁም አያጠፋውም። ስለዚህ ዛሬ ያማክራል ማለት ዛሬ ካሳዎ የሚቆረጥበት ገቢ አለው ማለት ነው። ውሳኔው ላይ በስምዎ የተጻፈውን መጠን ግልባጭ ያውጡ፤ አድራሻ ከቀየሩ ለፍርድ ቤቱ ያሳውቁ፣ ብዙ የካሳ ክፍያ ባለቤቱ ስላልተገኘ ብቻ ተቀምጦ ይቀራል። ካሳው ገና ካልተወሰነ የደረሰብዎትን በወረቀት ይያዙ፦ ሠራተኛዎ ሲስተሙን ለመመለስ የሠራባቸው ሰዓቶች ከነደመወዛቸው፣ ለመርማሪ ባለሙያ የከፈሉት፣ ለደንበኞች ማስታወቂያ የወጣው። «ስማችን ጠፋ» የሚለውን ፍርድ ቤት በቁጥር ካላየው አይቀበለውም።

ሰውየው በንግግሮቹ ላይ የእርስዎን መረጃ፣ የሲስተምዎን ምስል ወይም የደንበኞችዎን ስም እያሳየ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ባዩበት ዕለት ቀኑና ሰዓቱ የሚታይበት ቅጂ ይያዙ፤ ለአቃቤ ሕግና ክትትል ላይ ከሆነም ለክትትል ሠራተኛው ይላኩ። መረጃው እጁ ላይ መቅረቱ ብቻውን የፍርዱን ግዴታ መጣስ ሊሆን ይችላል።